ከውኃ የሚቀበለው

ሱሉልታ፣ ጥቅምት 12 ቀን 2017 ዓ.ም.

በሐይቁ መካከል፣ በደቅ ደሴት ለምትኖሪው እህቴ ለወይዘሮ የሺሃረግ፤

የአንቺ፣ የባለቤትሽ የመሪጌታ ፍቅረሥላሴና የልጆቹ ጤና እንዴት ከርሟል? እኔ ወንድምሽ ሽመክት እንደምታውቂኝ ነኝ፤ እሠራለሁ፣ እሠጋለሁ። ደብዳቤሽ የደረሰኝ ዘግይቶ ነው። የጭነት መኪና ነጂው ከድሩ ከባሕር ዳር ወደ ሰበታ ሲመጣ መንገድ ተዘግቶበት ደጀን ላይ ሰንብቷል። የደሴቱ ስልክ እስኪመለስ ከእሱ በቀር መልእክተኛ የለንምና፣ መልሴ ስለ ቆየ እንዳትቀየሚኝ እለምንሻለሁ።

ስለ ሥራዬ ለጠየቅሽው፣ በዚያው በታሸገ ውኃ ፋብሪካ ጫኝ ነኝ። ወገቤም ደኅና ነው።

«ትልቅ ሰው ሆነህ ከልጅ ጋር በፕላስቲክ ትጫወታለህ ወይ? ልጁስ ከዚህ ምን ይማራል?» ብለሽ ለጻፍሽው ግን በሚገባ መመለስ አለብኝ።

ልጁ እዮብ ይባላል። በተከራየሁበት በኦቦ እሸቴ ግቢ፣ ከእኔ ክፍል ፊት ለፊት፣ ከእናቱ ከወይዘሮ ናዝራዊት ጋር ይኖራል። ዘንድሮ አንደኛ ክፍል ገብቷል። እናቱ ፒያሳ በአንድ መድኃኒት ቤት ስለሚሠሩ እስኪመለሱ ድረስ ልጁ ግቢ ውስጥ ይቆያል፤ እኔ የጠዋት ፈረቃዬን ጨርሼ ስመጣ ደጃፌ ላይ ተቀምጦ አገኘዋለሁ። እርስ በርስ የሚገጣጠሙ ትንንሽ የፕላስቲክ ጡቦች አሉት፤ እሱ «ብሎኬት» ነው የሚላቸው። ከደሴት መምጣቴን የሰማ ዕለት፣ «ታዲያ ጋሼ፣ ወደ እናንተ የሚሄድ መርከብ እንሥራ!» አለኝ።

የመጀመሪያው መርከብ ቤት ነበር ማለት ይቻላል። በር፣ መስኮትና ሰገነት ነበረው፤ ይህ ልጅ በዙሪያው ሲሠራ ያየው ቤት ብቻ ነውና። ሳፋ ውስጥ ውኃ ላይ ስናኖረው ወዲያው ተገለበጠ። ሁለተኛውም እንዲሁ። ሦስተኛውን ለመሥራት ጡብ አነሰን፤ የተገለበጡትን እናፍርሳቸው ስለው ሁለቱንም ደረቱ ላይ ለጥፎ፣ «የኔ አይፈርስም!» ብሎ ጮኸብኝ። በኋላ ኦቦ እሸቴ እንደ ነገሩኝ፣ ለገጣፎ የነበረው የእነ እዮብ ቤት ሲፈርስ ልጁ ቆሞ አይቷል። ለካ ይህ ልጅ የሠራውን ነገር አንድም ቀን አፍርሶ አያውቅም፤ ቀድሞ የሠራቸው ሁሉ ጡቡን ይዘውበት መስኮቱ ላይ ተደርድረው ነበር።

ስለዚህ እህቴ፣ ልጁ በመጀመሪያ የተማረው ማፍረስን ነው። አንዲት ጡብ ነቀለ፤ መልሶ ተከላት፤ እንደገና ነቅሎ አገላብጦ አያት። «ያው ናት እኮ፤ ምንም አልሆነችም» አለኝ ተገርሞ። ከዚያ ወዲያ ማን ይቻለው! የመርከቡ ሆድ ሰፊ ካልሆነ እንደማይቆም፣ ከባዱ ነገር ከታች መሆን እንዳለበት፣ ከላይ የተጣመመ ሲመስል ጥፋቱ ከታች እንደሆነ በገዛ እጁ ደረሰበት። እኔ ያስተማርኩት የለም፤ ያጠበቀውን ከማላቀቅና የሰመጠውን ከሳፋው ከማውጣት በቀር። ስለ እኛ ታንኳ ስነግረው ግን አልተስማማንም።

«ከደንገል ከተሠራ ውኃ አያስገባም?»

«ያስገባል። ደንገሉ ራሱ ስለሚንሳፈፍ ግን አይሰምጥም።»

«እግራችሁስ?»

«ይረጥባላ።»

«ይሄማ መርከብ አይደለም ጋሼ፤ እግር መታጠቢያ ነው!»

ወይዘሮ ናዝራዊት ከሥራ ሲመለሱ መርከቡን አይተው፣ «ዛሬስ ቆመላችሁ?» ብለው ሳቁ። ይህን የጻፍኩት ነገሩ እንዲሟላ ያህል ነው።

አክባሪ ወንድምሽ
ሽመክት


ሱሉልታ፣ ኅዳር 22 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለእህቴ ለየሺሃረግ፤ ሰላምታዬ ከደብዳቤው ቀድሞ ይድረስሽ።

«ስለ ወገብህ አንድ መስመር፣ ስለ ሳፋ ሁለት ገጽ» ብለሽ የቀለድሽብኝን አነበብኩ። ከድሩም አጠገቤ ቆሞ ነበርና፣ «ምን ብላህ ነው እንዲህ የቀላኸው?» ብሎ መንገድ ላይ መሳቂያ አደረገኝ።

ስለ ወይዘሮ ናዝራዊት ለደረደርሽው ጥያቄ የማውቀውን ያህል እመልሳለሁ። ባለቤታቸው ካረፉ ሦስት ዓመት አልፏል። እሳቸው ኦርቶዶክስ ናቸው። ባለቤታቸው ፕሮቴስታንት ስለነበሩ፣ ልጁ አድጎ ራሱ እስኪጠይቅ ድረስ ሳይጠመቅ እንዲቆይ ሁለቱ ተስማምተው ነበር። አሁን እዮብ ከኦቦ እሸቴ ባለቤት ጋር ሰንበት ትምህርት ቤት መሄድ ከጀመረ ወዲህ፣ «እኔስ መቼ ነው የምጠመቀው?» እያለ እናቱን መግቢያ መውጫ አሳጥቷቸዋል። ቀኑም ተቆርጧል፤ ጥር 18 ቀን፣ እሑድ ነው። «መልከ መልካም ናት ወይ?» ላልሽው፣ እኔ የሰውን መልክ የማየት ልማድ የለኝም።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልምጣ። ባለፈው እሑድ ኦቦ እሸቴ ቤታቸው ጠሩኝ። ወይዘሮ ናዝራዊትም፣ ልጁም ነበሩ። በእውነት የቤት ኪራይ ሊጨመርብኝ መስሎኝ ምሳው ላይ በልቤ ብሬን ስቆጥር ነበር።

«ሽመክት፣ እዮብ የክርስትና አባቱን መርጧል» አሉ ወይዘሮ ናዝራዊት፣ ወደ ሳህናቸው እያዩ።

«እሰይ። ማንን መረጠ?»

«አንተን!» አለ ልጁ፣ እናቱ አፋቸውን ሳይከፍቱ።

ኦቦ እሸቴ፣ «ጋሪዳ! መልካም ነው! ልጁ ሰው ያውቃል» እያሉ ጉልበቴን በጥፊ መቱኝ፤ ባለቤታቸው እልል አሉ። ሁሉም እኔን ያዩ ጀመር። የመለስኩትን በሌላ ጊዜ እጽፍልሻለሁ፤ ዛሬ ከድሩ ሞተሩን አስነሥቶ እየጠበቀኝ ነው።

አንድ ነገር ግን መሪጌታን ጠይቂልኝ። ክርስትና አባት የሆነ ሰው ከልጁ ቤተሰብ ጋር የሚኖረው ዝምድና እስከ ምን ድረስ ነው? የሚከለክለውስ ነገር ምን ምን ነው? ይህን የምጠይቀው ለዕውቀት ያህል ነው።

ሽመክት


ደቅ፣ ታኅሣሥ 8 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለዐዋቂው ወንድሜ ለሽመክት፤

«ለዕውቀት ያህል ነው» የሚለውን ለመሪጌታ ሳነብላቸው በሳቅ መቋሚያቸው ከእጃቸው ወደቀ። «ይህ ልጅ ድሮም ሲዋሽ ዐረፍተ ነገሩን ያሳምራል» አሉ። ከዚያ ግን ሳቃቸውን አቆሙ። እኔም አቆምኩ።

የነገሩኝ ይህ ነው። ልጁን ከውኃ የተቀበልክ እንደሆነ አባቱ ነህ፤ እናቱ ደግሞ እህትህ ናት። አበልጅ ትባላላችሁ። በአበልጅ መካከል ጋብቻ የለም፤ ዛሬም የለም፣ ከዐሥር ዓመት በኋላም የለም። «ሳላውቅ ነው» ማለት አይሠራም፤ የሚፈታውም ካህን የለም። ሰምተሃል? እሷን ለማግባት በልብህ አስበህ ከሆነ ያቺ እሑድ ትዘጋብሃለች። እንዳላሰብክ ደግሞ አትጻፍልኝ። ወረቀት አታባክን።

አሁን የማልወደውን ነገር ልንገርህ፤ አትደንግጥ። ጎረቤታችንን ቲቲን ታስታውሳታለህ? ባሏ የሞተባትን? ባለ ጀልባው ወርቁ ደጇን ሲመላለስ፣ ሰውየው ደግ ስለሆነ ክፉ ቃል ልትናገረው አልፈለገችም። ምን አደረገች? ለትንሹ ልጇ ክርስትና አባት ሁንልኝ አለችው። ወርቁ ክብር መስሎት ሮጦ ሄደ። አሁን በየበዓሉ ዓሣ ይዞላት ይመጣል፤ «አበልጄ፣ እንደምን ዋልሽ» ይላታል። ከዚያ በላይ የሚለው የለውም። አንዳንድ ሴት እምቢ የምትለው እንዲህ ነው፤ አክብራ።

ስለዚህ ናዝራዊት የጠየቀችህ ጥያቄ ይሁን መልስ ቀድመህ እወቅ። ዐውቃብህ በጨዋ ደንብ በሩን ዘግታብህ ከሆነ ክብሩን ተቀብለህ አርፈህ ተቀመጥ። አላወቀች እንደሆነ ግን ሌላ ነው።

የመለስክላትን ለምን ደበቅከኝ? መኪናው ስለጠበቀህ አይደለም፤ ፈርተህ ነው ያልጻፍከው። ቶሎ በል።

እህትህ የሺሃረግ


ሱሉልታ፣ ታኅሣሥ 26 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለማከብርሽ እህቴ፤

መደበቄ እውነት ነው። የመለስኩት «እንደ ፈቃድዎ» ብዬ ነው።

በሰው ቤት፣ በሰው ማዕድ ላይ ተቀምጬ፣ እልልታው ሳያባራ፣ ልጁ ሳቁን መቆጣጠር አቅቶት እያየኝ፣ ከዚህ ሌላ ምን ልበል? አንድ ቀን አስቤ ልመልስ ማለት እንኳ ይሉኝታ ያዘኝ። እነሱም እሺታዬን ተቀብለው ለካህኑ ስሜን አስመዘገቡ። ቡራዩ ያሉት የወይዘሮ ናዝራዊት እህት ለበዓሉ ልብስ ልከዋል። እኔ ለልጁ ነጭ ልብስና ማዕተብ እገዛለሁ ብዬ ሁለት ጊዜ ገበያ ወጥቼ ባዶ እጄን ተመልሻለሁ። ባለፈው ሰኞ ወይዘሮ ናዝራዊት ከደጃፋቸው፣ «አበልጄ፣ እንደምን አደርክ?» አሉኝ። እግዜር ይመስገን ማለት አቅቶኝ እጄን አውለብልቤ አለፍኩ።

ደብዳቤሽን ካነበብኩ በኋላ የሠጋሁት እሱን ነበር፤ የተጠየቅኩት በአክብሮት እንድወገድ ይሆን ብዬ። እሳቸው ተምረው መድኃኒት የሚያድሉ ሴት ናቸው፤ እኔ ከአራተኛ ክፍል ያቆምኩ ጫኝ ነኝ። ቢያስቡትም አይፈረድባቸውም። ስለዚህ በሦስተኛው ቀን፣ መርከቡን ስናነጣጥል፣ ልጁን ጠየቅኩት።

«እዮብ፣ እኔ ክርስትና አባት እንድሆንህ ያሰበው ማን ነው?»

«እኔ ነኛ!»

«ለምን እኔን?»

«ክርስትና አባት ማለት ልጁ ከውኃ ሲወጣ የሚቀበለው ነው ብለውናል።» ሞኝ እንደሆንኩ ሁሉ ትክ ብሎ አየኝ። «መርከቡ ሲሰምጥ የሚያወጣው ማን ነው? አንተ አይደለህ?»

የነቀልኩትን ጡብ አቀበልኩት። «እናትህስ ምን አሉ?» አልኩት።

«እምቢ አለች።»

«እምቢ አሉ?»

«መጀመሪያ እምቢ አለች። ‹ሌላ ሰው ምረጥ፤ ኦቦ እሸቴን ምረጥ› አለችኝ። ለምን ስላት ‹እንዲያው› አለች። እኔ ግን በየቀኑ ለመንኳት። አለቀስኩ ሁሉ።»

«ከዚያስ?»

«ከዚያ ‹እንግዲህ እሱም ምንም አላለ› አለችና እሺ አለች።»

«ምን አላለም አሉ?»

«እኔ ምን ዐውቃለሁ ጋሼ! ያን ቀዩን አቀብለኝ።»

እህቴ ሆይ፣ ይህን ቃል ከሰማሁ ወዲህ ሥራዬን በቅጡ አልሠራሁም። ትናንት ካርቶኖቹን በተሳሳተ መኪና ላይ ጭኜ ተቆጣጣሪው በሰው ፊት ሰድቦኛል። «እሱም ምንም አላለ» ማለት፣ እንድናገር ይጠብቁ ነበር ማለት ነው? ወይስ ክርስትና አባት ልሁን ብዬ ራሴ አልጠየቅኩም ማለት ነው? እንዲህም እንዲያም ይተረጎማል። ዝም ብል በሩ ይዘጋል። እምቢ ብልና ያሰብኩት ሐሰት ቢሆን፣ አባት የሌለውን ልጅ በሰበካው ሁሉ ፊት አሳፍሬ ከዚህ ግቢ መውጣቴ ነው። ልጁስ ምን ይለኛል? ቀኑ ደረሰ። ምከሪኝ፤ ነገር ግን ፈጥነሽ ምከሪኝ።

በጭንቀት ላይ ያለው
ሽመክት


ደቅ፣ ጥር 6 ቀን 2017 ዓ.ም.

ሽመክት፤

ሰላምታውን አንተ ሙላበት፤ ጊዜ የለኝም። የሳምንቱን ጀልባ መጠበቅ ስለማልችል ወርቁ ይህን በገዛ ጀልባው ወደ ባሕር ዳር ይዞ ይሄዳል። ለምን እንደሆነ ስነግረው ወዲያው ሞተሩን አስነሣ።

እምቢ በል።

ግን ለእሷ ብቻ ንገራት፤ በኦቦ እሸቴ ማዕድ ላይ አይደለም። ሰበብ አትደርድር። ሥራ በዛብኝ፣ አገሬ ልሄድ ነው፣ ምናምን እንዳትል። አባት ለሌለው ልጅ ክርስትና አባት አልሆንም የሚል ጨዋ ወንድ ምክንያቱ አንድ ብቻ ነው፤ እሷም ታውቀዋለች። መጀመሪያ ልጇን እምቢ ስትል ምክንያቷ ምን ይመስልሃል? እሷ በደንብ ተናግራለች፤ ያልተናገርከው አንተ ነህ። ተሳስቼ ከሆነም ታፍራለህ እንጂ አትሞትም። ሰው አፍሮ ይኖራል።

ለልጁ አንተው ንገረው። በእናቱ ላይ እንዳትጥለው።

መሪጌታ የሚሉህ ይህ ነው፦ «ውኃው ከመነካቱ በፊት ሁሉም ይቻላል። ከተነካ በኋላ እኔም አልችል፣ ጳጳሱም አይችሉ።»

የሺሃረግ


ሱሉልታ፣ ጥር 20 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለእህቴ ለወይዘሮ የሺሃረግና ለመሪጌታ ፍቅረሥላሴ፤

ደብዳቤሽ ዐርብ ከሰዓት በኋላ ደረሰኝ። ከድሩ ፋብሪካው በር ድረስ አምጥቶ ሲሰጠኝ፣ «ባሕር ዳር ላይ አንድ ባለ ጀልባ አንገቴን ይዞ ነው ያስማለኝ» አለ።

የሆነውን በአጭሩ እጽፋለሁ።

ያንኑ ዕለት ወይዘሮ ናዝራዊት ከሚኒባስ ሲወርዱ አስፋልቱ ዳር ቆሜ ጠበቅኳቸው። ለእዮብ ክርስትና አባት መሆን እንደማልችል ነገርኳቸው።

«ምነው?» አሉ።

ወደ ጫንጮ የሚሄድ ገልባጭ መኪና በመካከላችን አቧራውን እየበተነ አለፈ። አቧራው ሲበርድ እሳቸው እዚያው ቆመዋል።

«ምነው ሽመክት?»

«አበልጅ እንድንሆን አልፈልግም።»

ይህን ብቻ ነው ያልኩት። የነጠላቸውን ጫፍ ወደ ትከሻቸው መለሱ፤ «እሺ» አሉና ወደ ግቢ ገቡ። ያ «እሺ» እሺታ ይሁን መቁረጫ ይሁን የሚነግረኝ አልነበረም።

ቅዳሜ ለልጁ ነገርኩት። በእናቱ ላይ አልጣልኩም። «እኔ ነኝ ያልቻልኩት፤ አንተን ጠልቼ አይደለም» አልኩት። «እሺ ብለህ ነበር» አለኝ። «አዎ፣ ብዬ ነበር» አልኩ። «እሺ ብለህ ነበር እኮ!» አለ እንደገና፤ ሳፋውን ከነውኃው ሊያነሣ ሞከረና አቃተው፤ እኔ ላግዝህ ብዬ እጄን ስዘረጋ ውኃውን እግሬ ላይ ደፋብኝ። በሩን ዘግቶ ገባ። በዚህች አንዲት ጉዳይ እህቴ፣ ከምትገምቺው በላይ አዝኛለሁ።

እሑድ እዮብ ተጠመቀ። ከውኃው የተቀበሉት ኦቦ እሸቴ ናቸው። እኔ ከእንግዶቹ ኋላ፣ በሩ አጠገብ ቆሜ ነበር። ልጁ ነጭ ለብሶ፣ ጸጉሩ ርሶ ሲወጣ ፊቱን ወደ እኔ አላዞረም።

ድግሱ ላይ አልሄድም ብዬ ነበር፤ ኦቦ እሸቴ ክንዴን ይዘው አስገቡኝ። የቡራዩዋ እህት ከላይ እስከ ታች ይመረምሩኛል። ልብሴ ላይ እድፍ ያለ መስሎኝ ተመለከትኩ፤ የለም። ሁሉም እየበላ ሳለ እዮብ መጥቶ ፊቴ ቆመ።

«አሁን ክርስትና አባቴ ኦቦ እሸቴ ናቸው» አለኝ፣ በቁጣ።

«አዎ፤ እንኳን ደስ አለህ።»

«አንተስ ታዲያ ምኔ ነህ?»

ድምፁ ትልቅ ነበር። ሁሉም ወደ እኛ ዞረ። ፈርቼ፣ «እናትህን ጠይቅ» አልኩት። ልጁ እንደ ተኩስ ተፈትልኮ ወደ ጓዳ ሮጠ። ከጓዳ የሰሐን ኳኳታ ይሰማ ነበር፤ ኳኳታው ቆመ። መቀመጫዬን ትቼ ለመውጣት ጫማዬን በዓይኔ መፈለግ ጀምሬ ነበር።

ልጁ ተመልሶ በሩ ላይ ቆመ።

«‹ሽማግሌ ይምጣና ይንገርህ› አለች። የምን ሽማግሌ ነው?»

የቡራዩዋ እህት ነጠላቸውን አፋቸው ላይ አደረጉ። ኦቦ እሸቴ ያነሡትን ብርጭቆ መልሰው አስቀመጡና፣ «ሽመክት፣ እኔን እንዳትቆጥር!» አሉኝ። «እኔ ከዛሬ ጀምሮ የእሷ አበልጅ ነኝ፤ በእሷ በኩል ተቀምጬ አላስገባም የምል ሰው ነኝ። አንተ ከወገንህ ፈልግ።» ቤቱ በሳቅ ፈረሰ። እኔ ግን መሳቅ አልቻልኩም።

ስለዚህ መሪጌታ ሆይ፣ ጉልበትዎን እንደሚያምዎት፣ መንገዱም እንደማያስተማምን ዐውቃለሁ። ይህን መለመኔ ድፍረት መሆኑንም አልስትም። ነገር ግን በዚህ አገር ከእርስዎ በቀር ስለ እኔ ቆሞ የሚናገር ሰው የለኝም። ወርቁ ባሕር ዳር ያደርስዎታል፤ ከዚያ ከድሩ ከጎኑ ቦታ ይዞልዎታል፤ አነጋግሬዋለሁ።

እዮብ እስካሁን አኩርፎኛል፤ ሰላምታዬን አይመልስም። ሆኖም ከትናንት ጀምሮ አስፋልቱ ዳር ካለው ድንጋይ ላይ ተቀምጦ፣ ከጎጃም በኩል የመጣ መኪና በቆመ ቁጥር፣ «ሽማግሌው ይሄ ነው?» እያለ ይጠይቀኛል።

ሽመክት